የአለት መውጫ ጫማ

ከናይሮቢ ከተማ ተነሥቶ በሞምባሳ መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከሜዳው ላይ ብቅ ያለ ድንጋያማ ኮረብታ ያገኛል። ኮረብታው ሉኬንያ ይባላል። በዕረፍት ቀን ወደ ግርጌው የቀረበ መንገደኛ አንድ እንግዳ ነገር ሊያስተውል ይችላል። ወጣቶች ከአለቱ ሥር ተቀምጠው የመንገድ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ከያዙት ከረጢት ውስጥም የልጅ ጫማ የምታክል፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ ታኮ የሌላት ጫማ ያወጣሉ። ከዚያም በሁለት እጃቸው እየጎተቱ፣ ፊታቸውን እያጨማደዱ እግራቸውን ያስገባሉ። ተነሥተው ሲራመዱ እሾህ እንደ ወጋው ሰው ያነክሳሉ። እነዚሁ ሰዎች አለቱን ጨብጠው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምሩ ግን ማነከሱ ይቀራል፤ የጣት ስፋት በሌላት እርከን ላይ በእግራቸው ጫፍ ቆመው ያርፋሉ። ወደ መሬት በተመለሱ ቁጥር ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርጉት ተረከዛቸውን ከጫማው ማውጣት ነው።

በመሬት ላይ እንዲህ የሚያስቸግር ጫማ በአለት ላይ ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት፣ ጫማ ለእግር የሚሰጠውን አገልግሎት ከመሠረቱ መመርመር ያስፈልጋል። የመንገድ ጫማ እግርን ከእሾህ፣ ከጠጠርና ከብርድ ይጠብቃል፤ ስለዚህ በጫማውና በእግሩ መካከል ጥቂት ባዶ ቦታ ቢኖር ጉዳት የለውም። እንዲያውም በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ጫማ ሲገዙ «ያድግበታል» ብለው ከልኩ ከፍ ያለውን ቁጥር ይመርጣሉ፤ ልጁም የመጀመሪያዎቹን ወራት ከጫማው ጫፍ ላይ ጨርቅ ወትፎ ያሳልፋል። የአለት ጫማ የተሠራው ግን እግርን ከአለቱ ጋር ለማገናኘት ነው። «ያድግበታል» የሚለው የወላጆች ብልሃት እዚህ ላይ አይሠራም።

ሰው ያለ ጫማም አለት ይወጣል። ይህ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚሄዱ መነኮሳትና ምእመናን 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ቀጥ ያለ ገደል የሚወጡት ጠፍር ገመድ ይዘው፣ እግራቸውን በአለቱ ላይ እየተከሉ ነው። በገርዓልታ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰውም ጫማውን አውልቆ በአሸዋ ድንጋዩ ላይ ያሉትን መርገጫዎች በባዶ እግሩ ይፈልጋል። የባዶ እግር ጥቅሙ ግልጽ ነው። የውስጥ እግር ቆዳ የአለቱን ሻካራነት ያነባል፤ መርገጫው የሚያስተማምን መሆን አለመሆኑንም እግሩ ራሱ ለባለቤቱ ይነግረዋል። ይሁን እንጂ መርገጫው ከእግር ጣት ጥፍር የማይበልጥ በሆነ ጊዜ ባዶ እግር ይሸነፋል። ትንንሾቹ ጣቶች ለየብቻቸው የሰውነትን ክብደት መሸከም ስለማይችሉ ይታጠፋሉ፤ ቆዳውም በስለታማው ድንጋይ ይቆረጣል።

የአለት ጫማ የሚያቃልለው ይህን ችግር ነው። አምስቱን ጣቶች ሰብስቦ፣ ከአውራ ጣት ጋር አስተባብሮ፣ እንደ አንድ ጠንካራ ጣት እንዲሠሩ ያደርጋቸዋል። ጣቶቹ በጫማው ውስጥ መንቀሳቀሻ ቦታ ካገኙ ግን ኅብረታቸው ይፈርሳል፤ እግሩ በጫማው ውስጥ ይንሸራተታል፣ የጫማውም ጠርዝ ከመርገጫው ላይ ይገለበጣል። የጥበቱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጫማው የዛሬውን መልክ የያዘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ሃልፎርድ ማኪንደር እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ ኬንያ ተራራ ለመዝመት ከናይሮቢ ሲነሣ፣ ናይሮቢ የባቡር ሐዲዱ በዚያው ዓመት የደረሰባት ሰፈር እንጂ ገና ከተማ አልነበረችም። ማኪንደር ከአልፕስ ተራሮች አገር ካመጣቸው ከሴዛር ኦሊዬና ከጆዜፍ ብሮሼሬል ጋር ሆኖ፣ በሴፕቴምበር ወር፣ 5,199 ሜትር ከፍታ ካለው ባትያን ከተባለው የተራራው ጫፍ ደረሰ። በዚያ ዘመን ተራራ ወጪዎች የሚጫሙት ከወፍራም ቆዳ የተሠራና ሥሩ በሚስማር የተመታ ከባድ ጫማ ነበር። ሚስማሩ በበረዶና በእርጥብ ሣር ላይ ነክሶ ይይዛል፤ በልሙጥ አለት ላይ ሲሆን ግን ይንሸራተታል።

ጎማ በሚስማር ቦታ የተተካው በ1930ዎቹ ዓመታት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በጣሊያን አልፕስ ስድስት ተራራ ወጪዎች በውሽንፍር ተይዘው ሞቱ፤ ለአለት ብለው የተጫሙት ቀላል ጫማ ለበረዶ የሚሆን አልነበረም። ወዳጃቸው ቪታሌ ብራማኒ ከዚህ አደጋ በኋላ ለአለትም ለበረዶም የሚሆን፣ ጥርስ ያለው ወፍራም የጎማ ሶል አስቦ በ1937 አወጣ። ከስሙና ከአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘው «ቪብራም» የሚለው መጠሪያ እስከ ዛሬ በጫማ ሥር ይነበባል። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ፒዬር አሌን በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የፎንቴንብሎ ደን ውስጥ ባሉ አለቶች ላይ እየተለማመደ፣ ከሥሩ ጥርስ የሌለው ልሙጥ ጎማ ያለውን ቀላል ጫማ ሠራ። ለበረዶና ለጭቃ ጥርስ ያስፈልጋል፤ በደረቅ አለት ላይ ግን ልሙጡ ጎማ በሙሉ ገጹ አለቱን ስለሚነካ የበለጠ ይይዛል። የዛሬው የአለት ጫማ የዚህ የአሌን ጫማ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቦሬያል የተባለው የስፔን ፋብሪካ ከቀድሞዎቹ ይልቅ በአለት ላይ የሚጣበቅ ጎማ ያለውን ጫማ ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ ሌሎችም ፋብሪካዎች ይህንኑ ተከተሉ።

የጫማው ክፍሎች በመርካቶም ሆነ በናይሮቢ ማንኛውም ጫማ ሰፊ የሚያውቃቸው ናቸው። እግርን የሚሸፍነው ቶማያ ከቆዳ ወይም ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሠራል። ከሥር ያለው ሶል አራት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጎማ ነው። ከሶሉ በላይ ጫማውን እንደ መቀነት የሚዞር ሌላ ስስ ጎማ አለ፤ ይህን ዙሪያ ጎማ ብሎ መጥራት ይቻላል። ዙሪያ ጎማው ሁለት ተግባር አለው፤ ቶማያውን ከአለት ፍግፍጊያ ይጠብቃል፣ ከተረከዝ በኩል ተወጥሮ የተለጠፈ በመሆኑም እግሩን ወደ ጫማው አፍንጫ ይገፋል። ጫማው ቅርጹን የሚያገኘው ቶማያው ከሚወጠርበት ፎርማ ነው። ፎርማው ቀጥ ያለ ከሆነ ጫማው ሜዳማ ይሆናል፤ እንደ አሞራ ጥፍር ወደ ታች የቆለመመ ከሆነ ደግሞ ጫማው ወደ ውጭ በዘመመ ገደል ላይ አለቱን ለመቧጠጥ ይመቻል። የኋለኛው ዓይነት ለጀማሪ የሚሆን አይደለም።

በናይሮቢ ስለ ጎማ ጫማ ሲነሣ «አካላ» የተባለውን ነጠላ ጫማ የማያስታውስ የለም። ካሪዮኮርን በመሳሰሉ ገበያዎች፣ በኪስዋሂሊ «ጁዋ ካሊ» ማለት «የሚያቃጥል ፀሐይ» በሚል ስም የሚታወቁት የእጅ ባለሙያዎች፣ ያረጀ የመኪና ጎማ በስለታም ቢላዋ እየቆረጡ ይሠሩታል። በኢትዮጵያ በረባሶ ከሚባለው ጋር አንድ ነው፤ ጥንካሬውም ለገጠር ሰው መንገድ የተመሰከረለት ነው። ከዚህ የተነሣ «ይህን የመሰለ የማያልቅ ጎማ እያለ ለአለት ጫማ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጎማ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም የአለት ጫማን ጠባይ ይገልጻል።

የመኪና ጎማ የሚቀመመው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ነው። ስለዚህ ሲጫኑት ወዲያው ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ቶሎም እንዳያልቅ ተደርጎ ይሠራል፤ በውስጡም ክር ወይም ሽቦ ስላለበት በቀላሉ አይታጠፍም። የአለት ጫማ ጎማ ግን ሲጫኑት ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ከዚህ ጎማ ኳስ ቢሠራ ብዙም አይነጥርም። ቀርፋፋነቱ ለኳስ ጉድለት ቢሆንም ለአለት ጫማ ትልቅ ጸጋ ነው። የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ጎማው በአለቱ ገጽ ላይ ባሉት ጥቃቅን ጉድጓዶችና ጉብታዎች ውስጥ ይሰርጋል፤ ቶሎ ስለማይነጥርም እዚያው ይቆያል። የሚያጣብቀው ሙጫ ሳይሆን ይህ ቀስ ብሎ የመመለስ ጠባዩ ነው። ነገር ግን አለቱን አጥብቆ የያዘ ጎማ በተነሣ ቁጥር ከገላው ጥቂት እየተወ ይነሣል። ጎማ በያዘ መጠን ያልቃል። ፋብሪካዎች ይህን ቅራኔ ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል፤ እስካሁንም አንዱን ሲያተርፉ ከሌላው ጥቂት ያጎድላሉ። በደንብ የሚይዝና የማያልቅ ጎማ አለኝ የሚል ነጋዴ ቢገኝ አለመቸኮል ይሻላል።

ሙቀትም በዚህ ነገር ውስጥ ድርሻ አለው። ናይሮቢ ከምድር ወገብ አጠገብ ናትና በቀትር የሉኬንያ አለት በእጅ የማይነካ ይሆናል። እንደዚያ በጋለ አለት ላይ ጎማው ከመጠን በላይ ይለሰልስና ከመያዝ ይልቅ እየተላጠ ይንሸራተታል፤ እግርም በላብ ይርሳል። ልምድ ያለው ሰው አስቸጋሪውን መውጫ በማለዳ ወይም አለቱ ጥላ ሲያርፍበት ይሞክረዋል።

ወደ ልክ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው እንቅፋት የቁጥሩ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሄደ 41 ቁጥር የሚጫማ ሰው በአንዳንድ ሱቅ «7 ቁጥር ነው የሚሆንህ» ቢባል ሊደነግጥ አይገባውም። በኢትዮጵያ የተለመደው የአውሮፓ ቁጥር ነው፤ በኬንያ ደግሞ ከቅኝ ግዛት ዘመን የቀረው የእንግሊዝ ቁጥር ይሠራበታል። በአውሮፓው አቆጣጠር አንድ ቁጥር የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ 41 ቁጥር ማለት 41 ሲባዛ በሁለት ሦስተኛ፣ 27.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ፎርማ ላይ የተሠራ ጫማ ማለት ነው። የእንግሊዙ አቆጣጠር መነሻው የገብስ ፍሬ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ልክ ሦስት የገብስ ፍሬ ቢደረደር አንድ ኢንች ይሆናል፤ አንድ የጫማ ቁጥርም የአንድ ፍሬ ርዝመት፣ ማለትም የኢንች ሲሦ ነው። የአዋቂ 7 ቁጥር 32 ፍሬ፣ ወይም 27.1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለመንገድ ጫማ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ለአለት ጫማ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ብዙ ነው።

ከዚህም በላይ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ፎርማው ርዝመት እንጂ ስለ እግሩ አይደለም፤ ስለ ስፋትና ስለ ከፍታም ምንም አይገልጽም። አንዱ ፋብሪካ 41 ያለው ሌላው 39 ካለው ጋር ሊተካከል ይችላል። ስለዚህ ከጓደኛው ቁጥር ጠይቆ በደብዳቤ የሚያዝ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። በተለይ በባዶ እግሩ ያደገ ሰው የእግሩ የፊት ክፍል ሰፋ ያለና ጣቶቹ የተዘረጉ ስለሆኑ፣ በጠባብ ፎርማ ላይ የተሠራ ጫማ ርዝመቱ ልክ ቢሆንም ከጎን ይጨቁነዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቁጥር ከመጨመር ይልቅ ሰፊ ፎርማ ያለውን ጫማ መፈለግ ይኖርበታል። ቁጥር ቢጨምር ስፋቱን ያገኛል፤ በዚያው ልክ ግን ከጣቱ ፊትና ከተረከዙ ኋላ ባዶ ቦታ ይገዛል። የጣቶች አደራደርም መታየት አለበት። የአንዳንዱ ሰው አውራ ጣት ከሁሉ ይረዝማል፤ የሌላው ሁለተኛው ጣት ይበልጣል። አፍንጫው ወደ አውራ ጣት የሾለ ጫማ ለመጀመሪያው ይስማማል፤ ለሁለተኛው ግን ጣቱን አጥፎ ያሠቃየዋል።

ጫማው የሚለካው ያለ ካልሲ ወይም በስስ ካልሲ ሆኖ፣ ከቀትር በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ እግር በመራመድና በሙቀት ስለሚያብጥ በማለዳ ልክ የሆነው ማታ ይጠባልና። እግሩ ከገባ በኋላ ሁሉም ጣቶች የጫማውን ጫፍ መንካታቸው ይመረመራል። ለጀማሪ ጣቶቹ ቀጥ ብለው ወይም በመጠኑ ብቻ ጎበጥ ብለው ቢቀመጡ በቂ ነው። ቀጥሎ ተረከዙ ይታያል፤ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ባዶ ቦታ ካለ፣ ጫማው አለት ላይ ሲጎተት ሊወልቅ ይችላል። ከዚያ በደረጃ ወይም በበርጩማ ጠርዝ ላይ በአውራ ጣት ጫፍ መቆም ነው። ጫማው ካልታጠፈና እግሩ ወደ ጎን ካልተንሸራተተ ልኩ ደኅና ነው። ጥብቅነትና ሥቃይ ግን መለየት አለባቸው። እግርን ከየአቅጣጫው እኩል ጨብጦ የሚይዝ ስሜት ጥብቅነት ነው፤ በአንድ ቦታ፣ በጣት መገጣጠሚያ ወይም በተረከዝ ጅማት ላይ፣ እንደ ምስማር የሚወጋ ሕመም ካለ ፎርማው ለዚያ እግር አልተሠራም ማለት ነው። «ሲውል ሲያድር ይለምዳል» የሚለው የነጋዴ ቃል ለቆዳ ብቻ በከፊል እውነት ነው። ገበር የሌለው የቆዳ ቶማያ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እስከ አንድ ቁጥር ድረስ ሊሰፋ ስለሚችል ሲገዛ ጠበቅ ቢል አይከፋም። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ግን እምብዛም አይሰፋም፤ በሱቅ ውስጥ ያሠቃየ በአለቱም ላይ ያሠቃያል።

ምን ያህል ይጥበቅ ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚሰጠው የሚወጣው አለት ነው። የሉኬንያ አለት ግናይስ የሚባል፣ በምድር ውስጥ በግፊትና በሙቀት የተለወጠ ሻካራ ድንጋይ ነው። በጥቃቅን እርከኖቹ ላይ ለመቆም ጠበቅ ያለና ጠርዙ የጠነከረ ጫማ ይጠቅማል። ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ በሚገኘው በሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ያለው አለት ግን ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው፤ ረጃጅም ስንጥቆችም አሉበት። 25 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የፊሸር ግንብ የተባለው ብቸኛ አለት የቆመው በዚሁ ፓርክ ነው። ስንጥቅ የሚወጣ ሰው እግሩን በስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ እንደ ቁልፍ ይጠመዝዘዋል። ጣቶቹ በጫማው ውስጥ ተቆልምመው ከሆነ መገጣጠሚያቸው በአለቱ መካከል ይፈጫል፤ ጣቶቹ ተዘርግተው የተኙበት ሜዳማ ጫማ ካለው ግን ያን ያህል ሕመም አይሰማውም። በኬንያ ተራራ ላይ ወደ ባትያን ወይም ወደ ኔልዮን ጫፍ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ሥራው ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ብርዱም ጽኑ ነው። በጣም የጠበቀ ጫማ የደም ዝውውርን ስለሚገታ ጣቶችን ለብርድ ያጋልጣል። ለዚያ ቦታ ካልሲ የሚያስገባ፣ ሰፋ ያለ ጫማ ያሻል። ስለዚህ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ልክ የለም።

በዚህ ስፖርት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖረ አንድ ጎጂ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ጫማው በጠበበ ቁጥር ችሎታ ይጨምራል የሚለው ነው። ታላላቅ ተወዳዳሪዎች በጣም ጠባብ ጫማ ማድረጋቸው እውነት ነው፤ እነርሱ ግን ጫማውን የሚያደርጉት አስቸጋሪ ለሆነ አጭር መውጫ ሲሆን፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥም ያወልቁታል። ይህን ያላስተዋለ ጀማሪ ሁለት ቁጥር የቀነሰ ጫማ ገዝቶ ሰዓታት ሲያሳልፍበት፣ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ መገጣጠሚያው መጅ ያወጣል፣ በዓመታት ውስጥም አውራ ጣቱ ወደ ሌሎቹ ጣቶች ያዘነብላል። አንዴ ያዘነበለ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይቃናም። ነገሩ ይበልጥ የሚከፋው በወጣቶች ላይ ነው። የእግር አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው፣ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል የሚጠነክረው በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በጠባብ ጫማ የተጨቆነ እግር እድገቱ ሊዛባ ይችላል። በተጨማሪም የዚያ ዕድሜ እግር በየወሩ ያድጋልና በጥር የተስማማው ጫማ በሰኔ ይጠባል። ለወጣት የሚገባው ጣቶቹ ቀጥ ብለው የሚተኙበት ጫማ ነው፤ የእግሩ ጥንካሬ የሚመጣው ከልምምድ ነው። ጫማ ውድ በሆነበት አገር ይህን ምክር መፈጸም ቀላል አይደለም። ጫማው ወደ ናይሮቢ የሚገባው ከውጭ አገር ሲሆን የጉዞና የቀረጥ ገንዘብ ይታሰብበታል። ስለዚህ የጠበበውን ጫማ «ገና አላለቀም» ብሎ መጎተት ይመጣል።

በጊኮምባ ገበያ፣ ከባሕር ማዶ በቦንዳ ከሚመጣው ልብስና ጫማ መካከል፣ ያገለገለ የአለት ጫማ አልፎ አልፎ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ጫማ ዋጋው ይረክሳል፤ ሆኖም ሁለት ነገር ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ቶማያው የቀድሞውን ባለቤት እግር ቅርጽ መያዙ ነው፤ ቆዳ የሌላውን ሰው እግር አይረሳም። ሁለተኛው ጎማው ነው። ከዓመታት በኋላ ጎማ ላዩ ይደርቃል፣ ያብለጨልጫል፣ ሲያጥፉትም ጥቃቅን ስንጥቅ ያሳያል። ላይ ላዩን ብቻ ደርቆ እንደሆነ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ቢፈገፈግ ደኅናው ጎማ ይገለጣል። ስንጥቁ ጠልቆ ከሆነ ግን በርካሽ የተገዛው ጫማ ሶል ማስቀየሪያ ገንዘብ ይጠይቃል።

የአለት ጫማ የሚያልቀው በዕድሜው ብዛት ሳይሆን በአያያዙ ነው ማለት ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው በአውራ ጣት ሥር ያለው ጠርዝ ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ መርገጫውን በዓይኑ ሳይመርጥ እግሩን በአለቱ ላይ እየጎተተ ያነሣል፤ መርገጫውንም በመቧጠጥ ይፈልጋል። በሉኬንያ ሻካራ አለት ላይ እንዲህ ያለ እግር ጎማውን እንደ ሞረድ ያስበላዋል። እግሩን ተመልክቶ፣ በጸጥታ አሳርፎ፣ ካሳረፈም በኋላ ሳያንቀሳቅስ የሚቆም ሰው ያው ጎማ በእጥፍ ያገለግለዋል። የጫማን ሥር አይቶ የባለቤቱን አረጋገጥ ማወቅ አያስቸግርም፤ ጠርዙ እኩል ከተበላ በጥንቃቄ ይረግጣል፣ አፍንጫው ላይ ብቻ ከተቦደሰ ይጎትታል። ከአንዱ አለት ወደ ሌላው በጠጠር ላይ በዚሁ ጫማ መሄድም ጎማውን ይጨርሳል፤ ከሥሩ የተጣበቀው አሸዋም ሲወጡ ያንሸራትታል። ጫማው ከመውጣት በፊት በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረገው ለዚህ ነው።

ሶልን ከቶማያና ከዙሪያ ጎማ ጋር የሚያያይዘው ማስቲሽ በሙቀት ይለቃል። በቀትር ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ጫማ ጎማው ሳያልቅ ጫፉ ሊላቀቅ ይችላል። የቆሸሸ ጫማ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በጥላ ይሰጣል። ፀሐይ ላይ የዋለ እርጥብ ቆዳ ይኮማተራል፤ መልሶም አይለሰልስም።

ሶሉ መለወጥ ያለበት ሙሉ በሙሉ ከማለቁ በፊት ነው። ጠርዙ ክብ ሆኖ፣ ሶሉና ዙሪያ ጎማው የሚገናኙበት መሥመር በአውራ ጣት በኩል ሲሳሳ ጊዜው ደርሷል። ጥቂት ሳምንታት ይቆይ ተብሎ ከታለፈ ዙሪያ ጎማው ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ ቶማያው ራሱ ለአለቱ ይጋለጣል። ሶል መለወጥ አንድ ሥራ ነው፤ ሶልንም ዙሪያ ጎማንም መለወጥ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ዋጋውም ይጨምራል፣ የጫማውም ቅርጽ ሊለወጥ ይችላል። ሥራው እንዲህ ነው። አሮጌው ሶል ጥቂት ተሙቆ ይላጣል፤ ሥሩ በመሞረጃ ይስተካከላል፤ ማስቲሽ በሁለቱም በኩል ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠበቅና አዲሱ ጎማ ተለጥፎ በኀይል ይጫናል፤ ትርፉ ተቆርጦ ጠርዙ ይሳላል። ይህን ሁሉ ማንኛውም ብልህ ጫማ ሰፊ ሊያደርገው ይችላል። የሚያስቸግረው ሁለት ነገር ነው። ጎማው ለአለት የተቀመመ መሆን አለበት፤ ጫማውም ሲለጠፍ በልኩ ፎርማ ላይ መወጠር አለበት። ያለ ፎርማ የተለጠፈ ጫማ ለብዙ ጊዜ የቆየውን ውጥረቱን ያጣል። በመኪና ጎማ የተለጠፈ ደግሞ በመንገድ ላይ ዓመታት ያገለግላል፤ በአለት ላይ ግን ባለቤቱን ይጥለዋል።

በጊዜው ሶል የተለወጠለት ጥሩ የቆዳ ጫማ ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ይችላል። በእያንዳንዱ ጊዜ ግን ቶማያው ጥቂት እየሰፋ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በሉኬንያ ጠባብ እርከኖች ላይ ለመቆም የማያስተማምን ይሆናል። ባለቤቱ ያን ጊዜ ለሉኬንያ ሌላ ይገዛል። አሮጌው ጫማ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥና፣ ወደ ኬንያ ተራራ ለመሄድ ቀን ሲቆረጥ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ተጨምሮበት ይወጣል።